«ያልበለጠ» ሲባል መስመሩ ድፍን ነው ወይስ ቁርጥራጭ?

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነኝ። መማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የማብራራውም ሆነ የመለማመጃ ጥያቄ የማወጣው ብዙ ጊዜ በአማርኛ ነው። ባለሁለት ተለዋዋጭ መስመራዊ ያለእኩልነትን ሳስተምር ይህን ጥያቄ ሰጠሁ፦ «አንድ ሸማኔ አንድ ጋቢ ለመሥራት 4 ቀን፣ አንድ ነጠላ ለመሥራት 2 ቀን ይፈጅበታል። ሥራውን ከ20 ቀን ባልበለጠ ጊዜ መጨረስና ቢያንስ 3 ጋቢ መሥራት አለበት። በግራፍ አሳዩ።» ገሚሶቹ የ20 ቀኑን መስመር ቁርጥራጭ አድርገው አሰመሩት። ብዙዎቹ ደግሞ ከ3 ጋቢ በታች ያለውን ክፍል አጠቆሩ። በሌላኛው ክፍል «ከ20 ቀን በታች» ብዬ ስሰጥ ድፍን መስመር ያሰመሩ ነበሩ። ስህተቱ የሒሳብ ነው ወይስ የአማርኛ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ እኔ እንደማየው ስህተቱ የአማርኛ ነው፤ ጠበብ አድርጌ ልናገርና የግስ ነው። ልጆቹ መስመር ማስመሩን ያውቁበታል። ግሱ ወሰኑን ወደ ውስጥ ያስገባ ወይም ከውጭ ያስቀረ መሆኑን ግን ቆም ብሎ ያሳያቸው የለም። ይህን በሒሳብ መምህሩ ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አይደለም፤ የአማርኛ ሰዋስው የምናስተምር ሰዎች ድርሻ ነው።

የጋቢውን ብዛት «ጋ»፣ የነጠላውን ብዛት «ነ» እንበል። የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ 4ጋ + 2ነ ≤ 20 ይሆናል። ከምልክቱ ሥር ያለችው ሰረዝ ከየት መጣች? «ያልበለጠ» ውስጥ ካለው «አል» ነው የመጣችው። «ይበልጣል» ስንል አንዱ ከሌላው ማለፉን እንናገራለን። «አይበልጥም» ስንል የምንክደው ማለፉን ብቻ ነው፤ ማነሱም እኩል መሆኑም ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ «ያልበለጠ» እና «የማይበልጥ» ≤ ናቸው፤ «ያላነሰ» እና «የማያንስ» ደግሞ ≥ ናቸው። አሉታ በሌላቸው በ«የሚበልጥ»፣ «የሚያንስ»፣ «በላይ»፣ «በታች» ግን እኩልነት ውጭ ይቀራል። በግራፉ ላይ ድፍን መስመር ወሰኑ ራሱ ከመልሱ ውስጥ መሆኑን፣ ቁርጥራጭ መስመር ውጭ መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ አሉታው ያለበት ዓረፍተ ነገር ድፍን መስመር ይሰጠናል፤ አሉታ የሌለበት ቁርጥራጭ («ቢያንስ» እና «ቢበዛ» ለብቻቸው ናቸው፤ ወደ በኋላ እመጣባቸዋለሁ)። ተማሪዎችዎ ከዚህ መልስ አንድ ነገር ብቻ ይያዙ ቢባል ይህን እመርጥላቸዋለሁ።

ምልክቶቹም ቢሆኑ በአንድ ቀን አልተፈጠሩም። < እና > በእንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪዮት ሥራ ውስጥ ታትመው የወጡት እ.ኤ.አ. በ1631፣ ዓፄ ፋሲለደስ ከመንገሣቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ነጥብን በሁለት ቁጥር፣ መስመርን በእኩልታ የማሳየቱ ዘዴ የሬኔ ዴካርት ሲሆን ለኅትመት የበቃው በ1637፣ ጎንደር በተቆረቆረች በዓመቱ ነው። እኩልነትን ጨምሮ የሚይዘውን፣ ከሥሩ ሰረዝ ያለበትን ምልክት ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ ያስተዋወቀው ግን በ1734፣ እዚህ እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር አገር ይገዙ በነበሩበት ዘመን ነው። ከ«ይበልጣል» ምልክት እስከዚህኛው የ«አያንስም» ምልክት አንድ መቶ ዓመት አለፈ ማለት ነው። አማርኛ ልዩነቱን በግሱ ውስጥ ይዞታል፤ ልጆቹ እንዲሰሙት ማድረግ ነው የቀረን።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ወደ «በላይ» እና «በታች» ልምጣ። በዕለት ንግግር «ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ይግባ» ሲባል 18 የሞላውም ይገባል፤ ማንም አይከራከርም። የሕግ ጸሐፊዎች ግን በዚህ አይተማመኑም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 የመምረጥ መብትን ሲደነግግ ዕድሜው 18 ዓመት «ሲሞላ» ይላል እንጂ «ከ18 በላይ» አይልም። ደግሞም ሁላችንም «20 እና ከዚያ በላይ» እንላለን። «በላይ» ብቻውን 20ን የሚይዝ ቢሆን ኖሮ «20 እና» የሚለው ጭማሪ ምን ያደርግ ነበር? ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ በሒሳብ ጥያቄ ውስጥ «በታች» <፣ «በላይ» > ናቸው። እኩልነቱ እንዲገባ ከፈለጉ ግን «ያልበለጠ» ወይም «ያላነሰ» ብለው ይጻፉ፤ ተማሪው የእርስዎን ሐሳብ እንዲገምት አያስገድዱት።

ልዩነቱ ጥቃቅን መስሎ ለሚታየው ነጥቦቹን ይቁጠር። 4ጋ + 2ነ = 20 የሚለው መስመር አግድሙን ዘንግ በ5 ጋቢ፣ ቋሚውን ዘንግ በ10 ነጠላ ይቆርጣል። ሸማኔው ግማሽ ጋቢ ለገበያ አያወጣምና ሙሉ ቁጥሮችን ብቻ እንውሰድ። «ከ20 ቀን ባልበለጠ» ሲባል ምንም አለመሥራትን ጨምሮ 36 አማራጮች አሉት። «ከ20 ቀን በታች» ሲባል 30 ይሆናሉ። የጎደሉት ስድስቱ በመስመሩ ላይ ያሉት ናቸው፦ 10 ነጠላ ብቻ፣ 1 ጋቢና 8 ነጠላ፣ 2 ጋቢና 6 ነጠላ፣ 3 ጋቢና 4 ነጠላ፣ 4 ጋቢና 2 ነጠላ፣ 5 ጋቢ ብቻ። ቀኑን አሟጦ የሚሠራ ሸማኔ የሚመርጣቸው ደግሞ እነዚሁ ናቸው።

«ቢያንስ» ላይ የተሰናከሉት ልጆች ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ስህተታቸው ቃሉን በጥንቃቄ ከመስማት የመጣ ነው። «ቢያንስ» ውስጥ «ማነስ» አለ፤ እነሱም የማነስን ምልክት አስቀመጡ። «ቢበዛ» ሲሏቸውም እንዲሁ የመብለጥን ምልክት ያስቀምጣሉ። እዚህ ላይ ሥራውን የሚሠራው «ቢ» ነው። «ቢዘገይ ሰኞ ይደርሳል» ስንል ሰኞ የመዘግየቱ ዳርቻ ነው፤ ሰውዬው ቅዳሜም እሑድም ሊደርስ ይችላል። «ቢያንስ 3 ጋቢ» ማለትም የማነሱ ዳርቻ 3 ነው፣ ከዚያ ወርዶ አያንስም ማለት ነው። ግሱ የሚነግረን ወሰኑ በየትኛው ጫፍ እንዳለ ነው፤ መልሱ ያለው ከዚያ ጫፍ በተቃራኒ በኩል ነው። ስለዚህ ጋ ≥ 3። ልጁ ከተጠራጠረ ቁጥር አስገብቶ ይጠይቅ፦ «ቢያንስ 3 ተብሎ 2 ጋቢ ይዞ ቢመጣ ያዘዘው ሰው ይቀበለዋል?» ከ20 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ቢያንስ 3 ጋቢ ሲባል የሚቀሩት አማራጮች 9 ብቻ ናቸው። ጋ ≤ 3 ብሎ የጻፈ ተማሪ ግን 32 ያገኛል።

የትኛውን ጎን እናጥቁር ለሚለው አማርኛ ሁለት ጥሩ ቃላት አሉት፤ «ወዲህ» እና «ወዲያ»። ፋሲል ግቢ የቆመ ሰው «ከአንገረብ ወዲያ» የሚለውን፣ ወንዙን ተሻግሮ የቆመው «ከአንገረብ ወዲህ» ይለዋል። ወዲህና ወዲያን የሚወስነው የተናጋሪው መቆሚያ ነው። በግራፉ ላይ መቆሚያችን መነሻው ነጥብ (0፣ 0) ይሁን። ዜሮ ጋቢና ዜሮ ነጠላ ዜሮ ቀን ይፈጃል፤ 0 ≤ 20 እውነት ነው፤ ስለዚህ ከመስመሩ ወዲህ ያለው ይጠቆራል። ለጋ ≥ 3 ደግሞ 0 ≥ 3 ሐሰት ነውና ወዲያ ያለው ይጠቆራል። መልሱ ሁለቱ ጥቁረቶች የተደራረቡበት ክፍል ነው። መስመሩ ራሱ በመነሻው ነጥብ ላይ የሚያልፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጋ > ነ ሲሆን፣ ወሰን ላይ ቆሞ ወዲህና ወዲያ ማለት አይቻልምና ሌላ መቆሚያ ይፈለግ፤ 3 ጋቢና 1 ነጠላ ይሆናል።

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር፤ በሚቀጥለው መለማመጃ ያጋጥምዎታልና። «ጋቢው ከነጠላው ይበልጣል» ያለእኩልነት ነው፤ ጋ > ነ። «ጋቢው ከነጠላው በ2 ይበልጣል» ግን እኩልታ ነው፤ ጋ = ነ + 2። ግሱ አንድ ሆኖ ሳለ «በ» የልዩነቱን ልክ ስለቆረጠችው የሚጠቆር ጎን አይኖርም፤ መስመሩ ብቻ ይቀራል። «ቢያንስ በ2 ይበልጣል» ሲባል ደግሞ ጎኑ ይመለሳል፤ ጋ ≥ ነ + 2። «እስከ 20 ቀን» የሚለውን ከተጠቀሙ «20ኛውን ጨምሮ» ብለው ይግለጹት።

ስለ እርማቱ፣ «ባልበለጠ» በተባለው ክፍል ቁርጥራጭ ያሰመሩት፣ «በታች» በተባለው ክፍል ደግሞ 4ጋ + 2ነ = 20ን በድፍን ያሰመሩት ተሳስተዋል። በዚህ በሁለተኛው ክፍል 4ጋ + 2ነ ≤ 18 ብሎ ድፍን መስመር ያሰመረ ተማሪ ካለ ግን ሙሉ ነጥብ ይስጡት። የቀኑ ድምር በሙሉ ጋቢና በሙሉ ነጠላ ሲሰላ ሁልጊዜ ተጋማሽ ቁጥር ስለሚሆን፣ ከ20 በታች ያለው ትልቁ ድምር 18 ነው።