በአባላት ክፍያ በሚተዳደር የአትክልት እርሻ ላይ ሥራውን የሚሠራው ማነው?

አባላት ቀድመው ከፍለው በየሳምንቱ አትክልት በሚወስዱበት እርሻ ላይ የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው ወይ ላልከው፣ በከፊል ብቻ ነው። ዋናው ሸክም የገበሬውና የጥቂት ቅጥር ሠራተኞች ነው። ለአንድ ወቅት የሚመጡ ተለማማጆችም አሉ። ችግኝ ማፍላት፣ ማዛወር፣ ማረም፣ ፀሐይ ሳይበረታ ሰላጣውን መልቀም (ካረፈደ ይጠወልጋል)፣ አጥቦ መዝኖ ለየአባሉ መደልደል፣ ሁሉም የእነሱ ነው። አንዳንድ ቦታ አባላት የተወሰነ ሰዓት ሠርተው ከክፍያቸው ይቀነስላቸዋል። እውነቱን ልንገርህ፣ አረምና ችግኝ የማይለይ በጎ ፈቃደኛ ከሚረዳው የሚያጠፋው ሊበልጥ ይችላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሽንኩርት ስታጸዳ ብትውል አይክፋህ። ሒሳብ የሚይዘው፣ ለአባላት መልእክት የሚመልሰውስ? ብዙ ጊዜ ያው ገበሬው ነው፣ ማታ፣ ደክሞት።