ቤት ቁጭ ብላችሁ ለምታበሩ

ይድረስ የአቪዬሽን ፍቅር ለያዛችሁ ልጆች፤

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሆኜ፣ ሄድሴት አድርጌ አብራሪዎችን ሳነጋግር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብዙ ወጣቶች “ኮምፒውተር ላይ ማብረር ይጠቅመኛል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?” ይሉኛል። ብቻችሁን ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አይጠቅምም። ከሰው ጋር ከሆነ ግን ሌላ ነው።

ቫትሲም የሚባል በነፃ የሚገቡበት የኢንተርኔት መረብ አለ። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። እናንተ አብራሪ ትሆናላችሁ። ሌላ በጎ ፈቃደኛ፣ ምናልባት ጀርመን ያለ ተማሪ፣ ታወር ላይ፣ ማለትም የማኮብኮቢያው ተቆጣጣሪ ሆኖ፣ ይቀመጣል። በድምፅ ትነጋገራላችሁ። ተቆጣጣሪ ካለ ሳይፈቅድላችሁ አትነሱም፤ ሳይፈቅድላችሁ አታርፉም።

ንግግሩ ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? የስፔኗን ደሴት ቴኔሪፍን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 ሁለት ቦይንግ 747 በጉም ውስጥ ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጩ። 583 ሰው አለቀ። ከአንዱ፣ ከሆላንዱ ኬኤልኤም አውሮፕላን “አሁን መነሻ ላይ ነን” የሚል ድምፅ መጣ። ተቆጣጣሪው ቆመው የሚጠብቁ መሰለው። እነሱ ግን መንደርደር ጀምረዋል። “ጠብቁ” ያላቸውም ከሌላኛው፣ ከአሜሪካው ፓን አም አውሮፕላን መልእክት ጋር ተደራርቦ በቅጡ ሳይሰማ ቀረ። ዛሬ “ቴክኦፍ” (መነሳት) የሚለው ቃል የሚነገረው የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው። ትእዛዝ ተቀብሎ “ኦኬ” ብሎ ማለፍም የለም፤ የሰማችሁትን ደግማችሁ ትናገራላችሁ።

ደንቡን ማንም ይሸመድደዋል። አምስት አውሮፕላን በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሲንጫጫ ግን ምላስ ይተሳሰራል። ቫትሲም የሚፈታላችሁ እሱን ነው። በጽሑፍ መነጋገርም ይቻላል፤ አፋር ልጅ እዚያ ይደበቃል። አትደበቁ። እንግሊዝኛችሁ ቢሰናከል ማን ይገድላችኋል?

ሌላው፣ ወንበር ቀይሩ። ተቆጣጣሪ ለመሆን ሥልጠናና ፈተና አለው፤ ከግራውንድ (መሬት ላይ የሚንቀሳቀሱትን ከሚመራው) ተነስቶ ወደ ታወር፣ ከዚያ ወደ አፕሮች (ለማረፍ የሚቀርቡትን ወደሚመራው) ይኬዳል። አንድ ምሽት በዚያ በኩል የተቀመጠ አብራሪ ራዲዮ ላይ አያንዛዛም። በሥራ ዘመኔ ያሰለቹኝ አብራሪዎች ይህ ዕድል ቢገጥማቸው ብዬ እመኛለሁ!

ቀልድ ግን አይደለም። የአውሮፕላን ጠለፋ ማስመሰል ክልክል ነው፣ ያስባርራል። ደግሞም ቤት ያበራችሁት ሰዓት ለአብራሪነት ፈቃድ አይቆጠርም። ማሠልጠኛ ስትገቡ አስተማሪው ፊት “ይቺን አውቃታለሁ” እንዳትሉ። እጃችሁ ከኪቦርድ የለመደውን ማስጣል ራሱ ሥራ ነው።

የመጀመሪያ ቀን አትብረሩ። በታዛቢነት ገብታችሁ አንድ ሥራ የበዛበት ጣቢያ፣ ለንደንን ወይም ፍራንክፈርትን፣ አዳምጡ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ተቆጣጣሪው የሚሰጠውን ትእዛዝ እየጻፋችሁ፣ አብራሪው ከመመለሱ በፊት እናንተ ድምፃችሁን አውጥታችሁ መልሱለት።