ሄሊኮፕተር ላይ ወገብ የሚቆርጠው ንዝረቱ ነው?

ወንድሜ፣ «ሄሊኮፕተር አስነስቼ ሰዓት ሳይሞላ ወገቤን በግራ በኩል ይቆርጠኛል፤ ከንዝረቱ ይሆን? ለበረራ ሐኪም ልንገር ወይስ ዝም ልበል?» ብለህ ጠይቀሃል። ለዓመታት ሚ-17 ስላበረርኩ የማውቀውን ልንገርህ።

ሁላችንም መጀመሪያ የምንከሰው ንዝረቱን ነው። እሱም ነፃ አይደለም። ግን በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጦር ተመራማሪዎች ሙከራ አለ። ዩኤች-1 የሚባለውን ሄሊኮፕተር መቀመጫና መሪ መሬት ላይ ገጥመው፣ አብራሪዎችን አንዴ በንዝረት፣ አንዴ ያለ ንዝረት ለ2 ሰዓት አስቀመጧቸው። ሕመሙ በሁለቱም ጊዜ መጣ። ዋናው ጥፋተኛ አቀማመጡ ነው።

ነገ ስትበር ራስህን ተመልከት። ግራ እጅህ ከወንበሩ ጎን ዝቅ ብሎ ኮሌክቲቩን፣ ማለትም ሄሊኮፕተሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ዘንግ፣ ይዟል። ቀኝ እጅህ ሳይክሊክ ላይ፣ ማለትም አቅጣጫ የሚሰጠው በጉልበቶችህ መሃል ያለ ዘንግ ላይ፣ ነው፤ ክንድህን ጭንህ ላይ ለማሳረፍ ጎበጥ ትላለህ። እግሮችህ ፔዳል ላይ ስለሆኑ መደገፍ አይችሉም። ሳታውቀው ወደ ፊትና ወደ ግራ ዘምመሃል፤ ጀርባህ መደገፊያውን ለቋል። የበረራ መሐንዲሱ ደግሞ ይብሳል። በሁለታችሁ አብራሪዎች መሃል ታጣፊ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ስለ እሱ ወገብ ግን ማንም አያወራም።

መጀመሪያ ወንበሩንና ፔዳሉን ለራስህ ቁመት አስተካክል። ከወገብህ ጀርባ ትንሽ መደገፊያ አድርግ። ወፍራም ስፖንጅ ግን ከስርህ አታንጥፍ! በከባድ ማረፍ ጊዜ ሰውነትህ ስፖንጁን ጨፍልቆ ከወንበሩ ጋር ይጋጫል፤ ምቱን አከርካሪህ ነው የሚቀበለው። መሪውን ከረዳትህ ጋር ተቀባበሉ፤ በዚያች ፋታ ቀና በል። መሬት ላይ ስትሆን የሆድና የጀርባ ጡንቻህን አጠንክር።

ካረፍክ በኋላ በማግስቱ የሚለቅህ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ ድካም ነው። ወደ እግርህ እየወረደ ካደነዘዘህ ግን በረራውን አቁምና ታከም። እግርህ ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተህ ያኔውኑ ሆስፒታል ሂድ። እባክህ ለወጌሻ አትስጠው። ጡንቻ የሚያፍታታ ክኒንም ራስህ ገዝተህ አትዋጥ፤ ብዙዎቹ እንቅልፍ ያመጣሉ።

ለሐኪሙ ንገር። «ከበረራ ያግዱኛል» የሚለው ፍርሃት ይገባኛል፤ እኛም ፈርተናል። ግን በጊዜ የተነገረ ሕመም ብዙ ጊዜ በወንበር ማስተካከልና በፊዚዮቴራፒ ይያዛል። ስትሄድ ከስንተኛው ደቂቃ እንደሚጀምርህ፣ በየትኛው ወንበር እንደሚብስህና መቼ እንደሚለቅህ ጽፈህ ያዝ። እሱም ቀድሞ የሚጠይቅህ ይህንኑ ነው።