የኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ለምን ይቋረጣል? ስለ «ሳፕ» ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ በአንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ከሁሉ የሚከብደኝ፣ ሌሊት እየሠሩ ቀን የሚማሩ የሀገሬ ልጆች ማንም በወጉ ባላስረዳቸው ደንብ ምክንያት ድጋፋቸው ሲቆም ማየት ነበር። ደንቡ በአጭሩ «ሳፕ» ይባላል፤ አጥጋቢ የትምህርት ግስጋሴ ማለት ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ሲሆን፣ ዛሬ ኮሌጆች የሚሠሩበት ዝርዝር መመሪያ ደግሞ ከጁላይ 2011 ጀምሮ የጸና ነው። ፔል ግራንትም (የማይመለስ የፌዴራል ዕርዳታ) ሆነ የፌዴራል ብድር ወይም ወርክ ስተዲ (እየሠሩ የሚከፈል ድጋፍ) የሚያገኝ ተማሪ ሁሉ በዚህ ይመዘናል። የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ሴሚስተር ውጤት እንደወጣ ድጋፌ መቋረጡን የሚገልጽ ኢሜይል ደረሰኝ። ጂፒኤዬ 2.9 ነው፤ አንድም ኮርስ ወድቄ አላውቅም። የከበዱኝን አምስት ኮርሶች ግን ሳልወድቅ በፊት አቋርጫቸዋለሁ። ባለፈው ሴሚስተርም «ማስጠንቀቂያ» የሚል ደብዳቤ መጥቶ ነበር፤ ገንዘቡ ስላልቆመ ግን ብዙም አላሰብኩበትም። ስህተት ተፈጥሮ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ስህተት አይመስለኝም። ብዙ ሰው የሚመዘነው በጂፒኤ ብቻ ይመስለዋል፤ ሳፕ ግን ሦስት መለኪያዎች አሉት፣ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ድጋፉ ይቆማል። አንደኛው ጂፒኤ ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ በሚፈጅ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ተማሪ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ቢያንስ ሲ ወይም ለመመረቅ የሚያበቃ ውጤት ሊኖረው ይገባል፤ አብዛኞቹ ኮሌጆች 2.0 ይላሉ። ሁለተኛው ፍጥነት ነው፤ ማለትም ከተመዘገብሽባቸው ክሬዲቶች ውስጥ ያለፍሻቸው ስንት እጅ እንደሆኑ ይሰላል፣ በብዙ ኮሌጆችም ከ67 በመቶ ማነስ የለበትም። ሦስተኛው የጊዜ ጣሪያ ነው፤ ወደ እሱ ሌላ ጥያቄ ስናይ እመለሳለሁ።

አንቺን የያዘሽ ሁለተኛው ነው። በሦስት ሴሚስተር በየጊዜው 12 ክሬዲት ወስደሽ ከሆነ የተመዘገብሽበት 36 ነው። አምስቱ የተቋረጡ ኮርሶች ሦስት ሦስት ክሬዲት ከሆኑ 15 ክሬዲት ይሆናሉ፣ ስለዚህ ያለፍሽው 21 ነው፤ 21 ለ36 ሲካፈል 58 በመቶ ግድም ይመጣል። ኮርስ ሲቋረጥ ትራንስክሪፕት ላይ የሚሰፍረው «ደብሊው» የሚል ምልክት ጂፒኤን አይነካም፣ ይህ እውነት ነው፤ በፍጥነት ስሌት ውስጥ ግን ተመዝግበሽ እንዳላለፍሽው ኮርስ ይቆጠራል። የምዝገባ አማካሪዎች «ኤፍ ከምታገኚ አቋርጪው» ሲሉ ስለ ጂፒኤ ትክክል ይናገራሉ፤ የድጋፉን ጉዳይ ግን ሌላ ቢሮ ነው የሚያውቀው፣ ሁለቱ ቢሮዎችም ሁልጊዜ አይነጋገሩም። ስለዚህ ከማቋረጥሽ በፊት ሁለቱንም በር ማንኳኳት ያስፈልጋል።

ያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ዋናው ዕድልሽ ነበር። በየሴሚስተሩ የሚመዝኑ ኮሌጆች ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ያለ ማመልከቻ ድጋፉ እንዲቀጥል ሊፈቅዱ ይችላሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ በሚመዝኑ ኮሌጆች ግን ይህ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ቀጥታ ይቆማል። የሚያጽናናሽ ነገር ልንገርሽ፦ የሚቀጥለውን ሴሚስተር 12 ክሬዲት ወስደሽ ሁሉንም ብታልፊ 33 ለ48 ይሆናል፣ ይህም ከ68 በመቶ በላይ ነው። ስድስት ብቻ ወስደሽ ብታልፊ ግን 27 ለ42፣ ገና 64 በመቶ ላይ ትሆኛለሽ። ርቀቱን በቁጥር ማወቅ ድንጋጤውን ያቀልለዋል፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ራስሽ አስይው።

ጥያቄ፦ ኮርስን «ድሮፕ» ማድረግና «ዊዝድሮው» ማድረግ አንድ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ባለው የኮርስ መጨመሪያና መቀነሻ ጊዜ ውስጥ የወጡበት ኮርስ ትራንስክሪፕት ላይ አይታይም፣ ለሳፕም አይቆጠርም። ከዚያ ቀን በኋላ ከወጡ ደብሊው ይሰፍራል፣ ይቆጠራልም። ቀኑን በኮሌጁ ካላንደር ላይ ያገኙታል።

ሁሉንም ኮርስ ትተው ከወጡ ደግሞ ከሳፕ የተለየ ሌላ ሕግ ይመጣል። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ በፊት ሙሉ በሙሉ ያቋረጠ ተማሪ በቆየበት ቀን መጠን ያልተገባው የድጋፍ ገንዘብ ተሰልቶ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ኮሌጁ ለመንግሥት መልሶ ተማሪውን ባለዕዳ ያደርገዋል። የሦስት ወር ደመወዝ የሚያህል ዕዳ ሳያስቡት የተሸከሙ ሰዎች አውቃለሁ። ሥራ ሰዓት ስለተቀየረ ብቻ ዝም ብሎ ከክፍል መቅረትም እንደ ማቋረጥ ይወሰዳል፤ ይህን ለማያውቅ ሁሉ ንገሩልኝ።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ በራሴ ገንዘብ ከፍዬ የተማርኩትስ ይቆጠራል?

መልስ፦ አዎ። ድጋፍ የተወሰደበትም ያልተወሰደበትም ሴሚስተር ሁሉ ይቆጠራል። በጥሩ ውጤት ከተማሩት ደግሞ ጠቅሞዎታል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። ልጄ ነርሲንግ ጀምሮ ተወ፣ አካውንቲንግ ገባ፣ አሁን ደግሞ ኮምፒዩተር ይላል። ኮሌጁ «ጊዜህን ጨርሰሃል» አለው። ቢሮው ደውዬ ብጠይቅ አንድም ነገር ሊነግሩኝ አልፈለጉም። ከፋዩዋ እኔ አይደለሁም ወይ?

መልስ፦ እናቴ፣ መጀመሪያ ስለ ስልኩ ልበል፤ ንቀት እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው «ፈርፓ» የሚባለው ሕግ ኮሌጅ የገባ ተማሪን መዝገብ የራሱ ያደርገዋል። ልጁ በጽሑፍ ካልፈቀደ ቢሮው ውጤቱን ለወላጅ በአብዛኛው አይገልጽም። በእኛ ባህል ይህ ይከብዳል፣ ይገባኛል። ልጅዎ የፈቃድ ቅጹን እንዲሞላ በእርጋታ ይጠይቁት፤ ወይም አብራችሁ ሂዱ።

ወደ ዋናው ነገር ስመለስ፣ ሦስተኛው መለኪያ ይህ ነው። አንድ ተማሪ ድጋፍ እየተቀበለ ሊማር የሚችለው ፕሮግራሙ ከሚጠይቀው ክሬዲት እስከ 150 በመቶ ድረስ ነው። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ 60 ክሬዲት ከሆነ ጣሪያው 90፣ የአራት ዓመቱ 120 ከሆነ ጣሪያው 180 ነው። ብዙዎች የሚስቱት ግን 90 እስኪሞላ ድረስ ድጋፉ ይቀጥላል ብለው ማሰባቸው ነው። በጣሪያው ውስጥ መጨረስ እንደማይችል በሂሳብ የታወቀ ዕለት ድጋፉ ይቆማል። ልጅዎ እስካሁን 78 ክሬዲት ተመዝግቦ ከሆነና አዲሱ ትምህርት ገና 24 ክሬዲት የሚቀረው ከሆነ፣ ድምሩ 102 ስለሚሆን አሁኑኑ ይቆማል።

ሆኖም አንዳንድ ኮሌጆች የትምህርት መስክ ለቀየረ ተማሪ ለአዲሱ መስክ የማይጠቅሙ ክሬዲቶችን ከስሌቱ እንዲወጡ ይፈቅዳሉ። ግዴታቸው አይደለም፣ በጽሑፍ በወጣ ፖሊሲያቸው ውስጥ ካለ ግን መብት ነው። ልጅዎ «ክሬዲቶቼ ለአዲሱ መስክ ብቻ ተለይተው ይሰሉልኝ» ብሎ ይጠይቅ። ካልሆነም የሚቀሩትን ኮርሶች በሴሚስተር ከፋፍሎ የሚያሳይ ዕቅድ ከአካዳሚክ አማካሪው ጋር አዘጋጅቶ ይግባኝ ይበል። በኔ እምነት ልጁ መስክ መቀየሩ ጥፋት አይደለም፤ ያሳሳተው ሲቀይር ማንም ቁጥሩን አለመንገሩ ነው።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ ዲግሪ አለኝ። እዚህ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የሀገር ቤቱ ትምህርት ሳፕ ውስጥ ይገባል?

መልስ፦ ትራንስክሪፕትዎ ተገምግሞ ኮሌጁ ከተቀበላቸው ክሬዲቶች ውስጥ ለፕሮግራምዎ የሚያገለግሉት እንደተመዘገቡበትም እንዳለፉትም ይቆጠራሉ። ለፍጥነቱ ይጠቅምዎታል፤ ወደ ጣሪያው ግን ያቀርብዎታል። ስለዚህ ብዙ ክሬዲት ማሰጠት ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም።

ሌላ ደግሞ ከሳፕ በፊት የሚመጣ ነገር አለ። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው በጥቅሉ ፔል ግራንት አይገባውም፤ ዲግሪው ከውጭ ሀገር ቢሆንም፣ እዚህ ያለው ኮሌጅ ዕውቅና ባይሰጠውም ያው ነው። የፌዴራል ብድር ግን ሊያገኙ ይችላሉ። ፋፍሳ በሚባለው የድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ ላይ «ዲግሪ የለኝም» ብሎ መሙላት ኋላ ሲታወቅ ገንዘቡን ያስመልሳል፣ ከዚያም የከፋ ጣጣ ያመጣል። እንዲህ ብለው የመከሩዎት ሰዎች ቢኖሩ በቅንነትም ቢሆን አይስሟቸው።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ኮርሶችስ?

መልስ፦ በፍጥነት ስሌት ውስጥ ማስገባቱም ማስቀረቱም ለኮሌጁ የተተወ ነው። የኮሌጅዎ ፖሊሲ ላይ ተጽፎ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ20 ዓመት ተማሪ ነኝ። ያሳደገችኝ አያቴ በመካከለኛ ፈተና ሰሞን አረፈች፤ ለለቅሶ ወደ ጎንደር ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ሦስት ኮርስ ወደቅሁ። ይግባኝ መጻፍ ትችላለህ አሉኝ፣ ምን እንደምጽፍ ግን አላውቅም። የቤታችንን ሐዘን ለማላውቀው ኮሚቴ መዘርዘርም ከበደኝ።

መልስ፦ ነፍስ ይማር፣ ልጄ። መጽናናቱን ይስጥህ።

ይግባኝ መፍቀድ አለመፍቀድ የኮሌጁ ምርጫ ነው፤ የአንተ ኮሌጅ ከፈቀደ ደግሞ መመሪያው የዘመድ ሞትን፣ የተማሪውን ሕመም ወይም ጉዳት፣ ሌላ ልዩ ሁኔታንም በምክንያትነት ይቀበላል። አያት ዘመድ ናት፤ ያሳደገችህ መሆኗን ደግሞ ጻፈው፤ ለአንባቢው ጥልቀቱን የሚያሳየው እሱ ነውና። ገመናን መሸፈን ያደግንበት ነገር ስለሆነ ብዙ የእኛ ተማሪዎች «በግል ችግር ምክንያት» ብለው በአንድ መስመር ያልፋሉ። ኮሚቴው ያልተነገረውን ሊገምት አይችልም። እንደዚህ ያሉ ማመልከቻዎች ውድቅ ሲሆኑ አይቻለሁ፤ ከጀርባቸው ያለውን ታሪክ ኋላ ስሰማ ደግሞ ያመኝ ነበር። ሐዘንህን አስውበህ ማቅረብ አይጠበቅብህም። የሆነውን በቀን በቀኑ መናገር በቂ ነው።

ደብዳቤው ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ለምን መለኪያውን ሳታሟላ ቀረህ፣ አሁንስ ምን ተለወጠ? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን በሁለት ገጽ ጽፎ ሁለተኛውን ይረሳዋል፤ ውሳኔው ግን በአብዛኛው የሚያርፈው በሁለተኛው ላይ ነው። መቼ እንደሄድክ፣ መቼ እንደተመለስክ፣ የትኞቹ ፈተናዎች እንዳመለጡህ ጻፍ። ከዚያ ወደ ክፍል በመደበኛነት መመለስህን፣ የሥራ ሰዓት ቀንሰህ ከሆነ ያንን፣ የማጠናከሪያ ትምህርት እየወሰድክ ከሆነ ያንን ግለጽ። ያላደረግኸውን ቃል አትግባ።

ማስረጃ አያይዝ። የአውሮፕላን ቲኬትህና ፓስፖርትህ ላይ ያለው ማኅተም ቀኑን ያረጋግጣሉ። ከቀበሌ ወይም ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተሰጠ የሞት ማስረጃ ካለ፣ በአማርኛ ስለሆነ ከተርጓሚ ማረጋገጫ ጋር ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመው። እሱ እስኪመጣ የቤተ ክርስቲያንህ ወይም የእድሩ ደብዳቤ ይረዳል፤ ደብዳቤው የሟችን ስም፣ ዝምድናውንና ቀኑን ይያዝ።

ከተፈቀደልህ «ፕሮቤሽን» የሚባል ደረጃ ላይ ትሆናለህ፤ ለአንድ ሴሚስተር ድጋፉ ይመለሳል። በአንድ ሴሚስተር መለኪያውን ማሟላት በሂሳብ የማይቻል ከሆነ ኮሌጁ የትምህርት ዕቅድ ያወጣልሃል፤ ዕቅዱን እስከተከተልክ ድረስ ድጋፉ ይቀጥላል። በዕቅዱ ላይ ያልተጻፈ ኮርስ ሳታስፈቅድ እንዳትጨምር፣ እንዳትቀንስም።

ጥያቄ፦ ይግባኜ ውድቅ ሆነ። አንድ ሴሚስተር አርፌ ብመለስ ወይም ሌላ ኮሌጅ ብገባ ይስተካከላል?

መልስ፦ ማረፍ ብቻውን ምንም አይለውጥም፤ ቁጥሩ እንዳለ ይጠብቅዎታል። በራስዎ ከፍሎ መማርም በራሱ አይመልሰውም፤ የሚመልሰው የተማሩትን አልፈው መለኪያዎቹ ላይ መድረስ ነው። ወደ ሌላ ኮሌጅ ከሄዱ አዲሱ ኮሌጅ በራሱ ፖሊሲ፣ ከተቀበላቸው ክሬዲቶች ጋር ይመዝንዎታል። የቀድሞውን ኮሌጅ መደበቅ አይገባም። የፔል ግራንት ዕድሜ ልክ ጣሪያም በሄዱበት ይከተልዎታል፤ እሱም 600 በመቶ፣ ማለትም 12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ነው።

ጥያቄ፦ ዲ ያገኘሁበትን ኮርስ ብደግመው ድጋፍ ይከፍልልኛል?

መልስ፦ ያለፉትን ኮርስ አንድ ጊዜ መድገም ይፈቀዳል። የወደቁትን ደግሞ እስኪያልፉ ድረስ መድገም ይችላሉ። በሁለቱም ሁኔታ ድግግሞሹ እንደ አዲስ ምዝገባ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ይግባኝ አስገብቻለሁ፣ መልስ አልመጣም፤ የክፍያው ቀን ግን ደርሷል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይግባኝ መግባቱ ክፍያውን አያቆምም፤ ቀኑ ካለፈ በብዙ ኮሌጆች ከክፍል ዝርዝር ሊሰርዙዎት ይችላሉ። ዛሬውኑ ወደ ክፍያ ቢሮ ይሂዱና በየወሩ የሚከፈል የክፍያ ዕቅድ ይጠይቁ፤ ብዙ ኮሌጆች በትንሽ የመመዝገቢያ ገንዘብ ይሰጣሉ። በዚያው ቀን ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በኢሜይል ጽፈው ይግባኙ የገባበትን ቀን ያስታውሱና ውሳኔው መቼ እንደሚሰጥ ይጠይቁ። በቃል የተነገረዎትን ሁሉ በጽሑፍ እንዲልኩልዎት ይለምኑ። ይግባኙ በዚሁ ሴሚስተር ከጸደቀ ድጋፉ ሲለቀቅ ከቀሪው ሂሳብዎ ላይ ይታሰባል።