ለስኳሬ ብዬ የምጾመው ጾም ይቆጠርልኛል?

ጥያቄ፦ «የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው፤ ዕድሜዬ ስድሳን አልፏል። ስኳር ከያዘኝ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ ጧትና ማታ ኪኒን እውጣለሁ። ልጄ ከባሕር ዳር መጥቶ ‹እማዬ፣ ቁርስ ተዪ፤ 16 ሰዓት ሳትበዪ ቆይተሽ ምግብሽን በቀረው 8 ሰዓት ውስጥ ጨርሺ፤ እንጀራና ዳቦ ቀንሺና እንቁላልና ሥጋ ብዪ› አለኝ። አሁን ፍልሰታ ደርሷል። ለስኳሬ ብዬ ብጾም እንደ ጾም ይቆጠርልኛል? እንጀራውን ከቀነስኩ በጾም ምን ልበላ ነው? እንቁላሉንስ ልብላ?»

መልስ፦ እናታችን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ደኅና ነን።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ጾም ሁለት መከልከል አለው። አንዱ እስከ ተወሰነው ሰዓት ከእህልና ከውኃ መከልከል ነው፤ ሁለተኛው ሰዓቱ ደርሶ ማዕድ ስንቀርብም ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል፣ ማለትም ከጥሉላት መከልከል ነው። የልጅዎ ምክር በመጀመሪያው ጾማችንን ይመስላል፤ ማታ በልቶ እስከ ማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ጿሚ 16 ሰዓቱን ሳያስበው ያልፈዋል። በሁለተኛው ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ጾማችን የሚከለክለውን እንቁላልና ሥጋ ይፈቅዳል፣ ጾማችን የሚፈቅደውን እንጀራና ዳቦ ያስቀንሳል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ አድርገን በአንድ ስም ልንጠራቸው አንችልም።

ለስኳር ብሎ ቁርስ መተው በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ መድኃኒት እንደ መውሰድ ያለ ለሥጋ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው፤ መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ባለመድኃኒትን እንድናከብር ያስተምረናል። ነገር ግን ያለ ጸሎት፣ ያለ ስግደትና ያለ ምጽዋት የቀረ ቁርስ የቀረ ቁርስ ብቻ ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲናገር እንጀራን ለተራበ ማካፈልን አብሮ አንሥቷል። እርስዎም የተዉትን ቁርስ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጃፍዎ ለሚቆመው የቆሎ ተማሪ ቢሰጡት፣ ያው ሰዓት ያው ረሃብ ሆኖ ሳለ ጾም ይሆንልዎታል። ጾሙን ለእግዚአብሔር ብለው ይጹሙ፤ ስኳሩ ከወረደልዎ ምራቂ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ያልጠየቁኝ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በፍልሰታ፣ ቅዳሴው ሳይገባ፣ አንዲት ሴት ከዛፍ ሥር ተቀምጣ አየሁ፤ ነጠላዋ በላብ ረጥቦ ከጀርባዋ ተጣብቋል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የጠየቋትን አትመልስም። ከዙሪያዋ የቆሙት «መንፈስ ነው» ብለው ጠበል ሲረጯት፣ አንዲት ጎረቤቷ ጧት ኢንሱሊን ተወግታ ምንም ሳትቀምስ እንደ መጣች ተናገረች። ስኳር በውኃ በጥብጠን አጠጣናት፤ ጥቂት ቆይታ የልጇን ስም ጠራች። ጠበሉን ማቃለሌ አይደለም፤ ያን ቀን ግን የጎደላት ስኳር ነበር።

ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ኪኒን የሚውጥ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ሜትፎርሚንን ብቻ የሚወስድ ግን ይህ እምብዛም አይገጥመውም። የእርስዎ ኪኒን የትኛው እንደ ሆነ ስላልነገሩኝ ከፍልሰታ በፊት ማሸጊያውን ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱና «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቆይ መድኃኒቴ በምን ሰዓትና በምን መጠን ይሁን?» ብለው ይጠይቁ፤ በራስዎ አይቀንሱ፣ አያቋርጡም። በጾም ላይ ሳሉ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም የዓይን መጭለም ከተሰማዎት፣ ወይም መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ ሰዓቱ እስኪደርስ አይጠብቁ። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለኩ።

«ጾሜን ገደፍኩ» ብለውም አይጨነቁ። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲደነግግ በሕመም ለደከመ ሰው ቦታ ትቶለታል፤ የሐዋርያት ቀኖናም የዐቢይን ጾም፣ ረቡዕንና ዓርብን የማይጾመውን ሲወቅስ በሥጋ ድካም የተከለከለውን ለይቶ ነው። ሐኪሙ ሰዓቱን ከከለከለዎት ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ እርሳቸው ቀለል ያለ ሰዓት ይወስኑልዎታል፣ የጎደለውንም በጸሎትና በምጽዋት እንዲሞሉት ያዝዙዎታል። በሽታውን ከንስሐ አባት፣ ጾሙን ከሐኪም የሚደብቁ ብዙዎች ናቸው፤ የሚጎዱትም በዚህ ነው።

ሰዓቱ ቢላላልዎት እንኳ የምግቡን ዓይነት ጾም መጠበቅ ይችላሉ፤ በእኛ አገር ደግሞ አይቸግርም። ችግሩ የጾም ማዕዳችን ድንች፣ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ መሆኑና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተን ሦስት እንጀራ በአንድ ጊዜ መቁረሳችን ነው። «ጤፍ ስኳር አያወጣም» የሚሉትን አይስሙ፤ ጤፍም ዳጉሳም እህል ነው፣ መጠኑ ነው የሚወስነው። እንጀራውን ግማሽ ያድርጉት፤ ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ሽምብራውን ያብዙት፤ ተልባና ኑግም ይጨምሩበት። ግብጦን ደግሞ አይርሱ። ከተሜው የአረቄና የድሃ እህል አድርጎ ይንቀዋል፤ ነገር ግን ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ገንቢ ምግብ ነው፣ ስኳር የሚሆነው ክፍሉ ከሌላው ጥራጥሬ ያነሰ ነው። እናቶቻችን ቆልተው፣ በወራጅ ውኃ ለቀናት ዘፍዝፈው ምሬቱን እንደሚያወጡት አድርገው ብቻ ይብሉት፤ ምሬቱ ያልወጣ ግብጦ ይጎዳል።

ይህን ሁሉ ካገኙ እንቁላሉ ለእርስዎ የግድ ሆኖ አይታየኝም፤ ዳንኤልና ጓደኞቹም በባቢሎን ለአሥር ቀን ጥራጥሬ በልተው ውኃ ጠጥተው ፊታቸው አምሮ ታይቷል። ነገር ግን ሐኪምዎ በሌላ ሕመም ምክንያት ጥሉላት ካዘዙ፣ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ እንደ ጻፈለት ያለ ነገር ነውና፣ በንስሐ አባትዎ ፈቃድ ይብሉ። ፍስክ ሲሆን የልጅዎን እንቁላል ያለ ሐሳብ ይብሉት።

ለመቁረብ ካሰቡ ግን ጉዳዩ ይለያል፤ ከቁርባን በፊት ያለው የ18 ሰዓት ጾም ከመድኃኒትዎ ጋር ሊጋጭ ስለሚችል አስቀድመው ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። ጧት ኪኒኑን ውጠው ሳይናገሩ አይቅረቡ፤ ለመቅረብ ብለውም ኪኒኑን ደብቀው አይተዉት።