ጥያቄና መልስ፦ የድመት ክትባት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ድመቴ 8 ሳምንቷ ነው። ሦስት በአንዱን (ፓንሉኮፔኒያ የሚባለውን ገዳይ የድመት በሽታ፣ ሄርፒስንና ካሊሲን የሚከላከለውን ክትባት) አንዴ ካስወጋኋት ይበቃል አይደል?

መልስ፦ አይበቃም። ከእናቷ እንገር ያገኘችው መከላከያ ደሟ ውስጥ እስካለ ድረስ ክትባቱን ያከሽፈዋል። አንዷ ግልገል በ8 ሳምንቷ ትጨርሰዋለች፣ አብራት የተወለደችው እስከ 16 ልታቆየው ትችላለች፤ አይታችሁ አትለዩም። ስለዚህ በየ4 ሳምንቱ፦ 8፣ 12፣ 16። የመጨረሻዋ መርፌ ከ16 ሳምንት በፊት ከሆነች አትተማመኝባት። በ6 ወሯ አንድ ትደገማለች፣ ከዚያ በየ3 ዓመቱ።

ጥያቄ፦ ገዝቼ ራሴ ብወጋትስ?

መልስ፦ በፌስታል አንጠልጥለህ በታክሲ ካመጣኸው ውሃ ነው የምትወጋት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይጠበቃል፤ አይስ ፓኩ ብልቃጡን እንዳይነካ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ የፍሪጅ በር ላይ አይቀመጥም። ዱቄቱ የሚበጠበጠው አብሮት በመጣው መበጥበጫ ብቻ ነው፤ ወዲያው ይወጋል። ለግልገል ግማሽ የሚባል ነገር የለም፣ ሙሉ ብልቃጥ ነው። ፀጉሯ ላይ የተንጠባጠበውን ጥረጉ፦ ክትባቱ ውስጥ ያለውን ሕያው የሄርፒስና የካሊሲ ቫይረስ ስትልሰው ያስነጥሳታል፣ አፏን ያቆስላል። እርጉዝ ድመት ሕያው ክትባት አትወጋም።

አባል፦ የሐበሻ ድመት ምን ክትባት ያሻታል? አይጧን በልታ ትኖራለች።

ሌላ አባል፦ የሞቱትን ማን ቆጠረ? ከቤት የማትወጣዋም ቫይረሱ በጫማህ ይገባባታል።

አባል፦ ታዲያ ወለሉን በአልኮል መወልወል ነዋ።

መልስ፦ አልኮል የፓንሉኮፔኒያን ቫይረስ አይገድልም። መጀመሪያ በሳሙና እጠብ፤ ቀጥሎ 1 እጅ በረኪና በ32 እጅ ውሃ፣ 10 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆይ። ቫይረሱ ቤት ውስጥ እስከ ዓመት ይከርማል፤ አዲስ ግልገል ክትባቷን ሳትጨርስ እዚያ አታስገቡ።

ጥያቄ፦ የኔዋ 10 ሳምንቷ ነው፣ አንዴ ተወግታለች። በቃ?

መልስ፦ ከላይ አንብቢ። 16 ሳምንት።

ጥያቄ፦ የእብድ ውሻስ?

መልስ፦ ከ12 ሳምንት ጀምሮ፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል። ሰው ከነከሰች ቁስሉ 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ጀርመን ልወስዳት ነው፤ ወረቀቱ በሳምንት ያልቃል?

መልስ፦ በወራት በል። መጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ ቀጥሎ የእብድ ውሻ ክትባት፤ ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ክትባቱ አይቆጠርም። ቢያንስ 30 ቀን ጠብቀህ ደም ታስወስዳለህ፤ የአውሮፓ ኅብረት በፈቀደው ላብራቶሪ ውጤቱ በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም በላይ መሆን አለበት። ደሙ ከተወሰደበት ቀን ደግሞ 3 ወር ትጠብቃለህ። ቲኬት ከዚያ በኋላ።

ጥያቄ፦ ድመቴ ደክሟታል፣ ምን ልስጣት?

መልስ፦ ዕድሜዋስ? መቼ ተወጋች? ታስመልሳለች? ትናንት ተወግታ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን መፍዘዝ ያለ ነው። ፊቷ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን እዚህ አትጻፊ፣ ይዘሻት ውጪ።