ራዲያተር ለሚያፈስባችሁ ልጆች

ሰሞኑን አንድ ልጅ "ጋሼ ራዲያተሬ ትንሽ ትንሽ ያፈሳል፣ ግን ቴምፕሬቸሩ ኖርማል ነው፣ ውሃ እየሞላሁ ብነዳው ችግር አለው?" ብሎ ጠየቀኝ። አሠራው ብዬ ዘጋሁት። ግን ያቺ "ቴምፕሬቸሩ ኖርማል ነው" የምትለዋ ነገር አልለቅ አለችኝ።

ገና ቁልፍ አቀባይ ሳለሁ አንድ ደንበኛ ነበሩን፣ የጭነት መኪና ያላቸው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ እኛን ተለማማጆቹን እንኳን በስማችን የሚጠሩ ሰውዬ (ያኔ ተለማማጅ ስሙ "አንተ" ነበር)። ራዲያተራቸው ከጎን ያፈስ ነበር። አለቃዬ ይውረድና ይበየድ አላቸው፣ ያኔ ራዲያተር የመዳብና የነሐስ ስለነበር ብየዳ ይይዛል፣ እሳቸው ግን ሥራ ይቆምብኛል ብለው ጀሪካን ውሃ ጋቢና ውስጥ ይዘው ይነዳሉ። አንድ ቀን ዕቃ ልናመጣ አብሬያቸው ሄድኩ። ዳገቱ ላይ የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ ተጠጋ፣ እሳቸውም ዝም እኔም ዝም። ከዛ መውረድ ጀመረ። ወረደ ወረደና ታች ቀዝቃዛው ጋ ተኛ። "አየህ፣ ዳገቱ ሲያልቅ በራሱ በረደ!" ብለው ሳቁ። የጋለ ብረት ይሸተኛል፣ ቆም ብለን እንየው አልኳቸው፣ ግን በምን ድምፅ፣ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

በርዶ አልነበረም። ውሃው አልቆ ነው። ሴንሰሩ የሚለካው የነካውን ውሃ ነው፣ ውሃው ከሱ በታች ከወረደ አየር ላይ ይቀራል፣ ሞተሩ እየነደደ ጌጁ ቀዝቃዛ ሊያሳይ ይችላል። ብዙም ሳንሄድ ሞተሩ ጉልበት አጣ፣ ተንቀጫቀጨ፣ ነከሰና ቆመ። ሲፈታ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ተጣሟል፣ ፒስተኖቹ ሲሊንደሩን ቧጭረውታል። ሰውዬው መኪናዋን እዛው እንደተፈታች ሸጧት፣ ከዛ በኋላ ጋራዡ ጋ ብቅ ብለው አያውቁም። መሪውን ይዤ ባስቆማቸው ኖሮ እላለሁ፣ ደግሞ መልሼ የልጅ ቃል ማን ይሰማል እላለሁ፣ እስከዛሬ አልወሰንኩም።

እናንተ ደግሞ ሁሉ ነገር ስልካችሁ ላይ አለ፣ ኮድ ታነባላችሁ፣ ቪዲዮ ታያላችሁ፣ ጎንበስ ብሎ መኪና ስር ማየት ግን ሞት ነው። (ቶሎ ትማራላችሁ፣ እሱን አልክድም፣ እኛ ዓመት የፈጀብንን በወር ታውቁታላችሁ።)

የራዲያተር ክዳን በትኩሱ አይከፈትም የሚለውን አልደግምም። ግን ለምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ አታውቁም፦ ክዳኑ 1 ባር ገደማ ግፊት ስለሚይዝ ውስጥ ያለው ውሃ 100 ዲግሪ አልፎም አይፈላም፣ ስትከፍቱት ግፊቱ ይለቀቅና ያ ሁሉ በአንዴ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይወጣል። ክዳኑ ራሱ ላስቲኩ ካረጀም ያፈሳል፣ እና ሰው ራዲያተር ይቀይራል።

የዛሬው ራዲያተር መሃሉ አሉሚኒየም ጎንና ጎኑ ፕላስቲክ ነው፣ የሚያፈሰውም ብዙ ጊዜ ሁለቱ ከሚገናኙበት ነው። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ በሙጫ አትድከሙ። መጀመሪያ ግን ራዲያተሩ መሆኑን አረጋግጡ፣ ኤሲ ስትጠቀሙ የሚንጠባጠብ ንጹህ ውሃ ምንም አይደለም። ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ የሚሞላው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሲደርቅ ነጭ ወይም ባለቀለም ዱካ ይተዋል፣ እሱን ተከትላችሁ ሂዱ፣ ማኒኮቶውን (የውሃውን ጎማ ቱቦ)፣ ማሰሪያውን፣ የውሃ ፓምፑን እዩ። ዱካው ካልተገኘ ሞተሩ በርዶ እያለ በፕሬዠር ቴስተር (ግፊት ሰጥቶ ፍሳሹን በሚያሳይ መሣሪያ) ይነፋ። መሬት ላይ ጠብታ ሳይኖር ውሃው የሚጎድል ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ምንጣፉ ከረጠበና መስታወቱ በጣፋጭ ሽታ ከደበዘዘ የሂተሩ ራዲያተር ነው፣ በጭስ ማውጫ ነጭ ጭስ እየወጣ ከቀጠለ የቴስታታ ጋስኬት (ከቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ጠርጥሩ።

ያ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ፍሳሽ መድፈኛ ኬሚካል ደግሞ፣ እኔ እጠላዋለሁ፣ ቀዳዳውን ስትደፍን ቀጫጭኖቹን ቱቦዎችም ልትደፍን ትችላለች። ኮፈኔ ውስጥ ግን አንድ ጠርሙስ አለ፣ ምን ላድርግ፣ ሌሊት መንገድ ላይ መቅረትም አለ። ጋራዥ እስክትደርሱ ብቻ። ሞተሩ ግሎ ውሃ ካለቀበት ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉበት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ አጥፍታችሁ ጠብቁ።

ያፈሰሰውን ኩላንትም እዛው ጥላችሁ አትሂዱ። ብዙው ኤትሊን ግላይኮል ነው፣ መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ግን ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ሕፃንም ይቀምሰዋል፣ ጠራርጉትና ቦታውን በውሃ እጠቡት።